ከውጭ መጥቶ ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው፦ ወረቀቱ፣ ቤቱ፣ ውሃው

ከብዙ ዓመት በኋላ ከውጭ ተመልሶ፣ ወይም እዚያው ተወልዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ድሬ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ሻንጣው ክብደትና ስለ ቤት ኪራይ ነው። የሚያሰቃየው ግን ሌላ ነው። ስሙ በአንዱ ወረቀት እንዲህ በሌላው እንዲያ ተጽፎ ሲገኝ፣ ሲም ካርዱ በአጎቱ ልጅ ስም የወጣ ሲሆን፣ የልደት ቀኑ ባንክ ላይ አንድ፣ ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ላይ ሌላ ሲሆን ነው መከራው የሚጀምረው። እኔም በዚህ መንገድ አልፌ ከመጣሁ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፦ ስም፣ የልደት ቀንና ስልክ ቁጥር በሁሉም ቦታ አንድ ይሁኑ። ሌላው ሥራ ሁሉ በእነዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ገና ካላችሁበት አገር ሳትነሡ ወረቀቶቻችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ። እኛ ዘንድ ቅጽ የሚሞላው በሦስት ስም ነው፤ የራስ፣ የአባትና የአያት። የውጭ ፓስፖርት ግን የራስን ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ይዞ ይመጣል። እዚያ የተወለዱ ልጆች ላይ የአባት ስም ከነጭራሹ ጠፍቶ የአያት ስም ብቻ የቀረበት ጊዜም አለ። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው ደግሞ ድሬ ውስጥ የማያውቅ የለም። በባላቸው ስም ፓስፖርት ያወጡ እህቶች ጉዳይ ከሁሉም ይብሳል። የትምህርት ማስረጃው፣ የውርስ ወረቀቱ፣ የድሮው የቀበሌ መታወቂያ በአባት ስም ሆኖ ፓስፖርቱ በባል ስም ሲሆን፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት እንዲያረጋግጥላቸው ሊጠየቁ ይችላሉ። የተረጋገጠ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይዞ መምጣት ይህን መንገድ በጣም ያሳጥረዋል።

ማንኛውም የውጭ ሰነድ፣ የጋብቻም ይሁን የልደት ወይም የዲግሪ፣ እዚህ ተቀባይነት የሚያገኘው ማህተሙ ተራውን ጠብቆ ሲመጣ ነው። መጀመሪያ ሰነዱ የወጣበት አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያረጋግጠዋል፣ ቀጥሎ በዚያ አገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ፣ በመጨረሻ የእኛው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። አንዱ ከተዘለለ ቀጣዩ አይመታላችሁም፤ ድሬ ተቀምጦ ከሩቅ አገር ማህተም ማስለመን ደግሞ ዘመድንም ያስቀይማል። አዲስ አበባ የምታርፉ ከሆነ የመጨረሻዋን ማህተም እዚያው አስመትታችሁ እለፉ። ኤምባሲ የተሰጠ ውክልናም በውጭ ጉዳይ ካለፈ በኋላ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል፤ ይህ መሥሪያ ቤት ድሬዳዋም አለ። ውክልና ስታጽፉ «ማንኛውንም ጉዳይ እንዲፈጽምልኝ» በሚል ጠቅላላ ቃል አትመኑ። በሕጋችን እንዲህ ያለው ጠቅላላ ውክልና ንብረት ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ ሥልጣን አይሰጥም። መሸጥ፣ መለወጥ፣ ከባንክ ገንዘብ ማውጣት፣ እያንዳንዱ በስሙ ይጠቀስ።

የውጭ ዜግነት የያዛችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠውን መታወቂያ ቀድማችሁ አውጡ። ይህ ካርድ ካለ ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ አያስፈልግም። መምረጥ መመረጥ፣ መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይ መቀጠር ግን አይፈቅድም። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ «እዚሁ አስተካክለዋለሁ» ማለት ቀን እየቆጠሩ መኖር ነው፣ ቀኑ ካለፈ ቅጣት አለው። እኔ ብሆን አልሞክረውም።

የልደት ቀን ነገር ቀልድ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከጃንዋሪ 1 እስከ መስከረም 1 ዋዜማ ባለው ጊዜ የተወለደ ሰው ከፈረንጁ ዓመት ላይ 8 ይቀንሳል፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለው 7። በስደት የሄደ ብዙ ሰው ደግሞ ልደቱን ባለማወቁ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 23 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ታኅሣሥ 22። መዝጋቢው በግምት ታኅሣሥ 21 ወይም ጥር 1 ብሎ ካስገባው፣ ሲስተሙ መልሶ ወደ ፈረንጅ ሲለውጠው ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስልታችሁ፣ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ከአሜሪካ የምትመጡ ወሩን ከቀኑ የሚያስቀድመውን አጻጻፋችሁን ተጠንቀቁ፤ 03/04 የሚለው እዚህ የሚነበበው በአራተኛው ወር ሦስተኛ ቀን ተብሎ ነው።

ሲም ካርድ የመጀመሪያ ቀን ሥራ ነው። ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም በፓስፖርት ይሰጣሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው በነሐሴ 2014 እዚሁ ድሬዳዋ ስለነበር የከተማው ሰው ሁለቱንም ለምዷቸዋል። ዋናው ነገር የመሥመሩ ምርጫ ሳይሆን በማን ስም ነው የሚለው ነው። ዘመድ «እኔ ጋ ትርፍ ሲም አለ፣ እሱን ያዝ አቦ» ይላችኋል። ደግነቱን አመስግኑና አትያዙት። በዚያ ቁጥር ፋይዳ ትመዘገባላችሁ፣ ቴሌብር ትከፍታላችሁ፣ ባንክ የሚስጥር ኮድ የሚልከው በእሱ ነው። ስልኩ የጠፋ ቀን ሲሙን መልሶ ሊያወጣ የሚችለው ባለስሙ ብቻ ነው፤ ባለስሙ ደግሞ ያን ጊዜ ጅቡቲ ሊሆን ይችላል።

የውጩን ቁጥራችሁንም ቶሎ አትዝጉት። ያኛው አገር ባንክ ኮድ የሚልከው ወደዚያ ቁጥር ነው። ከመነሣታችሁ በፊት የባንኩን ማረጋገጫ ከጽሑፍ መልእክት ወደ መተግበሪያ አዛውሩት፤ የማይቻል ከሆነ ቁጥሩን በትንሹ ጥቅል አቆዩትና እዚህ ሮሚንግ መሥራቱን አንዴ ሞክሩ። ድሬ ከደረሱ በኋላ የተዘጋ ቁጥር ማስከፈት ከውጭው ባንክ ጋር በስልክ የሚደረግ ረጅም ሙግት ነው።

ቀጥሎ ፋይዳ። ምዝገባው በነፃ ነው፣ ክፍያ ያለው ካርዱን ለማሳተም ነው፤ «አስመዘግብልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅን አሳልፉት። ፓስፖርት ወይም ሌላ የታደሰ መታወቂያና በስማችሁ የወጣ ስልክ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና ፎቶ ይነሣል። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ፣ ቅባት ሳትቀቡ ሂዱ። ከሠርግ ማግስት ከሆነና የጣቶቻችሁ ጫፍ በሂና ከጠቆረ መሣሪያው አሻራውን ለማንበብ ሊያስቸግር ስለሚችል ትንሽ ቀን ብታሳልፉት ይሻላል። ወሳኟ ደቂቃ መዝጋቢው «አይተህ አረጋግጥ» ብሎ የተሞላውን የሚያሳያችሁ ናት። ከኋላ ያለው ሰልፍ እንዳያስቸኩላችሁ። በአማርኛ የተጻፈውንም በላቲን የተጻፈውንም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ የአያት ስም የአባት ቦታ ላይ መግባቱ የተለመደ ነው። ያኔ ለማረም አንድ ፊደል መንካት ይበቃል፣ ከጸደቀ በኋላ ግን ማስረጃ ይዞ እንደገና መመላለስ አለ። ከዚያ 16 አሃዝ ያለው ቁጥር በስልካችሁ ይደርሳል። ቁጥሩን መስጠት ያለ ነገር ነው፤ በስልካችሁ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ግን ለማንም በስልክ አትንገሩ።

ባንክ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፤ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት የሚጠየቀው ፋይዳ ነውና። የውጭ ምንዛሪ ይዛችሁ ከገባችሁ ጉምሩክ ላይ አስመዝግቡና ወረቀቱን አትጣሉ፤ በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ጥሬ ገንዘብ ስታስገቡ ምንጩ ይጠየቃል። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የምትፈልጉ ሒሳቡ ሲከፈት ተናገሩ፤ በኋላ ማዛወር ሌላ ቅጽ ነው።

አሁን ቤት። ድሬ ውስጥ ቤት የሚታየው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ ጠዋት አይደለም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ሙቀት ጠዋት የወደዱትን ቤት ከሰዓት ያስጠላል። ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ አለ ወይ? ኮርኒሱ ስንት ክንድ ይርቃል? መኝታ ቤቱ ወደ ምዕራብ ከዞረ ግድግዳው ያን ሁሉ ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ማታ ይመልስላችኋል። መስኮቶቹ ፊት ለፊት ከሆኑ ነፋስ ያልፋል፤ በአንድ በኩል ብቻ ከሆኑ ፋን የሞቀውን አየር ከማመላለስ አያልፍም። ከዚራ ሰፈር ዛፉ ያቀዘቅዛል፣ ኪራዩ ግን እንደ ጥላው ነው። ሳቢያን ሰፈር አዳዲስ ቤትና ኮንዶሚኒየም አለ። ደቻቱ ዳር ቤት የምታዩ ደግሞ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ መታየቱ አያታልላችሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የዘነበው ደጋው ላይ ነበር፣ ከተማው ተኝቶ ነበር። ቤቱ ከወንዙ ጠርዝ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ከመከላከያ ግንቡ በየትኛው በኩል እንደሆነ በእግር ሄዳችሁ እዩ።

ሐረር ለመኖር የምታስቡ ሌላ ሒሳብ አለ። ከድሬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በደንገጎ አቀበት ትወጣላችሁ፣ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ሌላ ዓለም ነው። ውሃው ግን የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ሽቅብ እየተገፋ ነው የሚመጣው። ፓምፑ መብራት ሲያጣ ውሃውም ይቆማል። እዚያ ቤት ስታዩ ከኪራዩ በፊት የውሃ ማጠራቀሚያውን ጠይቁ።

ደላላ የስድስት ወር ቅድሚያ ቢላችሁ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ኪራይ በባንክ እንዲከፈል እንደሚል እወቁ። ሁሉም አከራይ ይወደዋል ማለት አይደለም፤ ቢያንስ ግን ከየት እንደምትደራደሩ ታውቃላችሁ። ከብሩ የሚበልጥ አንድ ጥያቄ አለ፦ «በቤት ቁጥርዎ ቀበሌ ያስመዘግቡኛል?» ብላችሁ ቀብድ ሳትሰጡ ጠይቁ። የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት የምትኖሩበት ቤት መታወቅ አለበት፣ ግብር እንዳይመጣበት የሚፈራ አከራይ ደግሞ ከገባችሁ በኋላ ይሸሻችኋል። ከሌላ ከተማ የምትመጡ መሸኛ፣ ሁላችሁም ጉርድ ፎቶና የውሉን ቅጂ ያዙ። ውሉ ላይ የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ንባብ በገባችሁበት ቀን ይጻፍ፣ የመጨረሻው ክፍያ ደረሰኝም ይያያዝ፤ ያለፈው ተከራይ ዕዳ ቆጣሪው ላይ ነው የሚቀረው።

ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? ታሪፉ በእርከን ስለሆነ፣ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት በጣም ርካሽ ነው። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ለየብቻው ርካሹን እርከን ማግኘት ሲችል በአንድነት ውዱ ላይ ይወድቃል። በጋራ ግቢ ውስጥ «እኔ ፋን ብቻ ነው ያለኝ» የሚለው ጭቅጭቅ ምንጩ ይኼ ነው።

ዕቃ ስትጭኑ መለያ ጽሑፉን አንብቡ። እዚህ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከ100 እስከ 240 የሚል ቻርጀርና ላፕቶፕ ችግር የለበትም። 110 ብቻ የሚለውን የአሜሪካ ቡና ማፍያና መፍጫ ጥላችሁ ኑ፤ ዝቅ የሚያደርገው ትራንስፎርመር ከመፍጫው ይከብዳል። ለፍሪጅ ስታቢላይዘር ግዙ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሳይቆይ አታስነሡት። ኮምፕረሰሩ ግፊቱ ሳይረግብ ሲነሣ ነው የሚቃጠለው።

ውሃ ላይ ረጋ ልበል፣ ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት ነው። ሳሙና አረፋ አያወጣበትም፣ ማንቆርቆሪያው ሥር በሳምንት ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ያ ቅርፊት ሙቀት ስለማያሳልፍ የሻወር ማሞቂያው ብረት ውስጥ ውስጡን እየጋለ ይፈነዳል፤ «ቻይና ስለሆነ ነው» ይባላል፣ አይደለም። ለማንቆርቆሪያ ግማሽ ውሃ ግማሽ አቼቶ አድርጋችሁ አፍሉና ለአንድ ሰዓት ተዉት፣ ቅርፊቱ በራሱ ይላቀቃል፤ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አፍልታችሁ ድፉ። አቼቶ ከሌለ የሎሚ ጭማቂ ይሆናል። ማሞቂያውን በየጥቂት ወሩ አስፈትታችሁ አስጠርጉ። ለሕፃን ወተት የምትበጠብጡበትን ውሃ ግን የታሸገ አድርጉት፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ናይትሬት አያወጣም።

ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ሮቶ (የፕላስቲክ ውሃ ማጠራቀሚያ) ግድ ነው። አሰላሉ ቀላል ነው። ለአንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ብትይዙ አምስት ሰው 300 ሊትር ይጨርሳል። ውሃ በየአራት ቀኑ የሚመጣበት ሰፈር 1,200 ሊትር ያስፈልጋል፤ ፈረቃው አንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ ብላችሁ 2,000 ሊትር ግዙ። 2,000 ሊትር ማለት ግን ሁለት ቶን ነው። በብሎኬት ግድግዳ ጫፍ ላይ ወይም በቀጭን ብረት ላይ የሚያስቀምጥ ባለሙያ ካያችሁ አስወርዱት። ከሥሩ ጠፍጣፋ ኮንክሪት ወይም በደንብ የተበየደ ማማ ይሁን፣ የሮቶው ታች በሙሉ ይረፍ፤ በሁለት አግዳሚ ብረት ብቻ ከተደገፈ በሙቀት ሆዱ ይወርድና ይሰነጠቃል። ጥቁር ወይም ጥላ ያለበት ይሁን፣ ብርሃን የሚያስገባ ቀለም አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል። ውሃው ለመጠጥም ከሆነ 5 በመቶ የሆነ፣ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ለ1,000 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይጠጣል።

የሮቶው ክዳን ከሁሉም ይበልጣል። በ2014 ድሬዳዋ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ከእሱ ጋር የተያያዘችው ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ እንደ ቀድሞዎቹ ረግረግ አትፈልግም፣ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። የዴንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝም እንዲሁ በበርሜልና በጎማ ውስጥ ነው፣ የምትነክሰው ደግሞ በቀን ነው፤ ስለዚህ አጎበር ብቻውን አያድንም። ክዳኑ በደንብ ይገጠም፣ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቱቦ አፍ በሽቦ ወንፊት ይታሰር፣ በርሜልና ባልዲ በሳምንት አንዴ ይደፋና ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ። መድፋት ብቻ አይበቃም፣ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ይጣበቃልና። ትኩሳት ከያዛችሁ ወባንም ዴንጊንም ተመርመሩ፤ ዴንጊ አለመሆኑ ሳይታወቅ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አትውሰዱ፣ መድማት ያባብሳል። እስከዚያው ፓራሲታሞል ነው። የመንግሥት ሪፈራል ሆስፒታሉ ድል ጮራ ነው።

ለቢሮ ጉዳይ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ሁኑ። ከምሳ በኋላ ፀሐዩና የጫቱ በርጫ ተባብረው ከተማውን ያስተኙታል፣ ሱቁም ይዘጋል፣ ነፍስ የሚዘራው ወደ 10 ሰዓት ነው። ዓርብ የምሳ እረፍቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሆነ ጉዳይ ለዓርብ አትቅጠሩ። የአውሮፕላን ትኬት በፈረንጅ ሰዓት፣ የአውቶቡስ ትኬት በእኛ ሰዓት እንደሚጻፍ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ሻጩም ሹሙም «አንተ» ቢላችሁ ንቀት አይደለም፣ ድሬ እንዲህ ነው።

የቤት ዕቃ ታይዋንና አሸዋ ገበያ ከአዲስ አበባ ረክሶ ይገኛል። ዋስትና የሚባል ነገር ስለማይኖር እዚያው ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት፣ ፋን ከሆነ አምስት ደቂቃ ይዙር። ወደ አዲስ አበባ የምትወስዱት ኤሌክትሮኒክስ ካለ ደግሞ ደረሰኝ ይቆረጥላችሁ። መንገድ ላይ የጉምሩክ ኬላ አለ፣ ያለ ደረሰኝ የተገኘ አዲስ ቴሌቪዥን እዚያው ይቀራል።